የራስ ቅል ወለል ዕጢ፦ ከሐዋሳ ሆኖ ሕክምና ሲመረጥ ምን ከምን ይመዘናል?

የኤምአርአይ ውጤቱ ላይ «የራስ ቅል ወለል ላይ ዕጢ ታይቷል» የሚል ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። ዘመድ ይሰበሰባል። አንዱ «ሕንድ ውሰዷት» ይላል። ሌላው «ጨረር እያለ ለምን ትቀደዳለች?» ይላል። ሦስተኛው «ጭንቅላት ከተነካ በኋላ ሰው አይሆኑም» ብሎ ተስፋ ያስቆርጣል። እድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሥራ ባልደረባውም ገንዘብ ለማዋጣት ይነሳል። ገንዘቡ ለምን እንደሚዋጣ ግን ገና አልታወቀም።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳና አካባቢዋ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ለገባ ሰዎች ነው። የማስተዋውቀው ሆስፒታል የለም። ምርጫዎቹን በአንድ መመዘኛ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ ነው። ይህን ይዛችሁ ከሐኪሞቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

መጀመሪያ የዕጢው ስም

የራስ ቅል ወለል አንጎል የሚያርፍበት አጥንት ነው። ለዓይን፣ ለፊት፣ ለጆሮና ለመዋጥ የሚያገለግሉት ነርቮች በዚያ አጥንት ቀዳዳዎች ያልፋሉ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ትልልቅ የደም ሥሮችም እንዲሁ። እዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የሚበቅለው ዕጢ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሕክምናው ደግሞ እንደ ዓይነቱ ፈጽሞ ይለያያል።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች፣ ሆርሞን የምታመነጭ ትንሽ አካል ናት። እዚያ ላይ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ አለ። ሴት ላይ የወር አበባ ያቆማል፣ ያልወለደች ሴት ጡት ላይ ወተት ያመጣል። ወንድ ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል። ይህ ዕጢ በአብዛኛው ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን በሚባል ክኒን ይቀንሳል። የሚለየውም በአንድ የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ ዕጢው ፒቱታሪ አካባቢ ከሆነ የፕሮላክቲን ውጤት ሳይታይ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አትያዙ። ዕጢው በጣም ትልቅ ሆኖ የፕሮላክቲኑ ቁጥር ዝቅ ብሎ ከመጣ፣ ላቦራቶሪው ናሙናውን አቅጥኖ እንዲደግመው ጠይቁ። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ መሣሪያው ተሳስቶ ዝቅ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ እና የጆሮ ነርቭ ዕጢ የሆነው አኩስቲክ ኒውሮማ በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም፤ አስተዳደጋቸውም ቀስ ያለ ነው። ብዙ የሚያስጨንቁት ሁለቱ ብርቅ ዕጢዎች ኮርዶማና ኮንድሮሳርኮማ ናቸው። ኮርዶማ በማኅፀን ሳለን አከርካሪያችን ከተሠራበት ዘንግ ቅሪት ይነሳል። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ከነዚህም ሲሶው ያህሉ ነው የራስ ቅል ወለል ላይ የሚወጣበት። ኮንድሮሳርኮማ ከልም አጥንት የሚነሳ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከመሀል ወደ ጎን ፈንጠር ይላል።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ ራሳቸውን የሚገልጡት በራስ ምታትና ነገርን ሁለት አድርጎ በማየት ነው። አስፋልት ለመሻገር ቆማችሁ ከሞቢል በኩል የምትመጣው ባጃጅ ሁለት ሆና ትታያለች። አንዱን ዓይን በእጅ ሲሸፍኑ አንድ ትሆናለች። ዓይንን ወደ ጎን የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ ተጫነ ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ሲመጣ መነጽር እየቀያየሩ ወራት ማሳለፍ አይገባም።

ኮርዶማና ኮንድሮሳርኮማ በኤምአርአይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ናሙናውን የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው። ብራክዩሪ የተባለ ማቅለሚያ አለ፤ ኮርዶማን ያቀልማል፣ ኮንድሮሳርኮማን አያቀልምም። ይህ ምርመራ በአካባቢው ካልተሠራ ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክ ተቀብላችሁ ወደሚሠራበት መላክ ይቻላል። ከሁለቱ ኮንድሮሳርኮማ በጣም የተሻለ ተስፋ ያለው ስለሆነ ልዩነቱን ማወቁ ይጠቅማል።

በምን እንመዝን?

እኔ በአምስት ነገር እመዝናለሁ። ዕጢው ምንድን ነው? የአንጎልን ግንድ ወይም የዓይንን ነርቭ ምን ያህል ተጠግቷል? በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ምን ያህሉ ይወጣል? የሚያስፈልገውን የጨረር መጠን ያ ማሽን ሳይጎዳ ማድረስ ይችላል? አምስተኛው ወጪ ነው። ወጪ ስል የሆስፒታሉን ብቻ አይደለም። ቲኬቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ተመልሶም ለዓመታት የሚቀጥለው ምርመራ አብሮ ይቆጠራል።

ብዙ ቤተሰብ ከአምስተኛው ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሳይመለሱ አምስተኛውን ማስላት አይቻልም።

ኮርዶማም ኮንድሮሳርኮማም በአብዛኛው በቀስታ የሚያድጉ ስለሆኑ ሁለተኛ ሐኪም ለማማከር ጥቂት ሳምንት መውሰድ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ዕይታ በፍጥነት ከደከመ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ከተንገዳገዱ፣ ማስመለስ ከበዛ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለ ግን ለማማከር ጊዜ የለም። ያኔ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ክትትልና ክኒን

ሳይታሰብ በአጋጣሚ የተገኘ ትንሽ ሜኒንጂዮማ ወይም ትንሽ የጆሮ ነርቭ ዕጢ በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሳ ሊጠበቅ ይችላል። «ዝም ብለው ነው የሚያዩት» ብላችሁ አትዘኑ። በእርግጥ የተመረጠ ሕክምና ነው። ለኮርዶማ ግን መጠበቅ አይሆንም።

ኬሞ ለተለመደው ኮርዶማም ለተለመደው ኮንድሮሳርኮማም እምብዛም አይሠራም። በሽታው ለተስፋፋበት ሰው ሐኪሞች አንዳንድ መድኃኒት ይሞክራሉ፤ የቀዶ ሕክምናና የጨረር ምትክ ግን አይሆንም። ገና ከመጀመሪያው ኬሞ እንጀምር የሚል ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ቀዶ ሕክምና

ለእነዚህ ሁለት ዕጢዎች ዋናው ሕክምና ይህ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በአፍንጫ ቀዳዳ ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ አስገብቶ መሥራት ነው። የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የአንገት በላይ ሐኪም አብረው ይቆማሉ። ሁለተኛው የራስ ቅልን ከፍቶ መግባት ነው። መሀል ላይ ለተቀመጠ ዕጢ አፍንጫው ቀጥተኛ መንገድ ነው። ነርቮቹን አልፎ ወደ ጎን ለሄደ ዕጢ ግን ከፍቶ መግባቱ ሊሻል ይችላል፤ አንዳንዴ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «በአፍንጫ ነው» ስለተባለ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዋናው የደም ሥር ካሮቲድ ከዕጢው ጎን ነው ያለው።

ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ አስታማሚው በደንብ ማወቅ ያለበት አንድ ምልክት አለ። ታካሚው ጎንበስ ሲል ከአንዱ አፍንጫው ውሃ የመሰለ ጠብ ጠብ ይላል። ንፍጥ አይደለም፤ አይዝለገለግም። ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ጨው ጨው ይላል። ይህ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ማጅራት ገትር ሊያመጣ ይችላል። ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ከአፍንጫው መሀል ግድግዳ የራሱ ደም ሥር ያለው ሥጋ ገልብጦ ቀዳዳውን መሸፈን ከተለመደ ወዲህ ይህ ችግር በጣም ቀንሷል። ቡድኑ ይህን ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ለኮርዶማ ከሁሉም የተሻለው ዕድል ነው። ሁለተኛው ላይ ጠባሳ አለ፤ ነርቩና የደም ሥሩ ተጣብቋል፤ አደጋውም ይጨምራል። «ለጊዜው ትንሽ ይነሳላትና በኋላ እናያለን» የሚለው ዕቅድ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። አንጎል ግንድ ተጭኖ ሕይወት ለማትረፍ ካልሆነ በቀር ያንን ዕድል በጥድፊያ አትጠቀሙበት።

ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። ይህን ዕጢ እስካሁን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ምን ያህሉን አወጣለሁ ብለው ያስባሉ? የትኛው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል? ጨረሩን የሚያቅደው ማን ነው፣ ከአሁኑ ተነጋግራችኋል? እኛ አገር ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ጨረር

ኮርዶማ ግትር ነው። እሱን ለመቆጣጠር ወደ 70 ግሬይና ከዚያ በላይ ጨረር ይፈልጋል (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። አጠገቡ ያሉት የአንጎል ግንድና የዓይን ነርቭ ደግሞ በደህና የሚችሉት ከ54 እስከ 60 ግሬይ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንዳንዴ ሚሊሜትር ነው። የማሽኖቹ ልዩነት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

የኮባልት ማሽን የሚያወጣው ጨረር ጠርዙ ሰፊ ነው፤ ይህን ያህል መጠን በዚህ ቦታ ሊሰጥ አይችልም። ሕመም ለማስታገስ ግን ያገለግላል። ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው የጨረር ማሽን ግን ጨረሩን በየአቅጣጫው እየመጠነ መቅረጽ ይችላል። ከ50 እስከ 54 ግሬይ ለሚበቃው ሜኒንጂዮማ በደንብ ይሆናል፤ ለዚያ ተብሎ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ለኮርዶማም በሠለጠነ ቡድንና በየቀኑ በምስል እየተስተካከለ ከፍ ያለ መጠን ሊሰጥ ይችላል፤ ዕጢው አንጎል ግንድ ላይ ከተለጠፈ ግን ይቸግራል።

ጋማ ናይፍ ስሙ ቢላ ይበል እንጂ የሚቀድ ነገር የለውም። በስቶክሆልም የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ላርስ ሌክሴል ሥራ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ብዙ ቀጫጭን ጨረሮችን አንድ ነጥብ ላይ ያገናኛል። ዲያሜትሩ ከ3 ሴንቲሜትር ለማያልፍ ዕጢ ይመቻል። የጆሮ ነርቭ ዕጢ በአንድ ቀን ከ12 እስከ 13 ግሬይ ተሰጥቶት ብዙ ጊዜ ማደጉን ያቆማል። ለትልቅ ኮርዶማ ብቻውን አይበቃም።

ፕሮቶን የተባለው የጨረር ዓይነት የሚለየው በመቆሙ ነው። የተለመደው ጨረር እንደ መስመር ታክሲ ነው፤ እናንተን አውርዶ መንገዱን ይቀጥላል፣ ከዕጢው ጀርባ ያለውንም ያገኘዋል። ፕሮቶን ግን እንደ ኮንትራት ባጃጅ በር ላይ ያደርስና እዚያው ይቆማል። ለዚህ ነው አንጎል ግንድን እያተረፈ ዕጢው ላይ ብዙ መጠን ማሳረፍ የሚቻለው። በሳምንት 5 ቀን፣ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በፕሮቶን ከታከሙ የኮንድሮሳርኮማ ታካሚዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ዕጢው እስከ 5 ዓመት ባለበት ይቆማል። ለኮርዶማ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይዘግባሉ። በቀዶ ሕክምና የቀረው ዕጢ ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል።

እንደ ፕሮቶን ዕጢው ላይ የሚቆመው የካርቦን ጨረር በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይሰጣል፤ ጀርመንና ጣሊያንም አለ። ጥሩ ሕክምና ነው። ከፕሮቶን ይበልጣል ተብሎ ግን አልተረጋገጠም። ለእሱ ሲባል ተጨማሪ ብድር ውስጥ መግባትን አልመክርም።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | ለማን አይሆንም | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ክትትል | ትንሽ ሜኒንጂዮማ፣ ትንሽ የጆሮ ነርቭ ዕጢ | ኮርዶማ፣ ዕይታ ለሚጫን ዕጢ | ዓመታት | የኤምአርአይ ብቻ |
| ክኒን | ፕሮላክቲን የሚያመርት ዕጢ | ኮርዶማ፣ ኮንድሮሳርኮማ | ብዙ ጊዜ ዓመታት | ዝቅተኛ፣ ግን የማያቋርጥ |
| ቀዶ ሕክምና በአፍንጫ | መሀል ላይ ያለ ዕጢ | ወደ ጎን ርቆ ለሄደ | የሳምንታት ማገገም | ከፍተኛ |
| ከፍቶ ቀዶ ሕክምና | ወደ ጎን የተንሰራፋ ዕጢ | መሀል ላይ ላለ ትንሽ ዕጢ | ረዘም ያለ ማገገም | ከፍተኛ |
| ሊኒየር አክስለሬተር | ሜኒንጂዮማ፣ በቀዶ ሕክምና በደንብ የወጣ ዕጢ | አንጎል ግንድ ላይ የተለጠፈ ኮርዶማ | ከ6 እስከ 8 ሳምንት | መካከለኛ |
| ጋማ ናይፍ | ትንሽ ዕጢ፣ ትንሽ ቅሪት | ትልቅ ዕጢ | ብዙ ጊዜ 1 ቀን | መካከለኛና ከዚያ በላይ |
| ፕሮቶን | ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኮርዶማና ኮንድሮሳርኮማ | በሌላ መንገድ ለሚድን ዕጢ | ከ7 እስከ 8 ሳምንት | በጣም ከፍተኛ |

ከሐዋሳ ሲነሱ

የመጀመሪያው በር ሁላችንም «ሪፈራል» የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። የሪፈር ወረቀቱን ከዚያ መያዝ ጥቅም አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ሰዎች ወረቀቱን ይዛችሁ ስትሄዱ ነው አዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታል ላይ የሚያገለግላችሁ። መድኑ ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም።

አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ ይህን ሙያ የያዙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው ከመካከላቸው የራስ ቅል ወለል ዕጢ አዘውትሮ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ላይ በኮባልት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ሊኒየር አክስለሬተር የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሩት። ጨረሩ ወደ ክልል እንዲወጣ ከታቀደባቸው ከተሞች ሐዋሳ አንዷ ናት፤ ስለዚህ ሪፈራልን ጠይቃችሁ ተነሱ።

ፕሮቶንም ካርቦንም ኢትዮጵያ ውስጥ የሉም። ከሚቀርቡን አንዱ ሕንድ ነው። ቼናይ ላይ ያለው የአፖሎ የፕሮቶን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል፤ ሙምባይ ላይም የታታ ሜሞሪያል የፕሮቶን ሕክምና ይሰጣል። ውጭ ለመታከም የሚወጣ ሰው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ያንን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ደላላን በተመለከተ፦ አንዳንዱ ከሆስፒታሉ ኮሚሽን ያገኛል። ስለዚህ ወደሚከፍለው ሆስፒታል ይልካችኋል። የዋጋ ዝርዝሩን በጽሑፍ ራሱ ሆስፒታሉ ይላክላችሁ። ውስጡ ምን እንዳለ ተመልከቱ፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የፓቶሎጂ ምርመራ፣ ፈሳሽ ቢያፈስ የሚደረገው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና።

ምስሉንም አስቡበት። ብዙ ሰው ትልቁን ፊልም በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ሲዲውን ነው። ሲዲ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይም አይከፍትም። ከተነሳችሁበት ቦታ ሳትወጡ ሙሉ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስገልብጡት፤ እዚያው ከፍተው እንዲያሳዩዋችሁም አድርጉ። በዚያ ፋይል ብቻ ከሐዋሳ ሳትነሱ የሩቅ ሐኪም አስተያየት ማግኘት ይቻላል። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ይህ ይቅደም።

እንደ አቅምና እንደ ሁኔታ

አቅሙ ካለና ዕጢው ኮርዶማ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውንና ፕሮቶኑን አንድ ቡድን ቢሠራው እመርጣለሁ። ሦስት ወር ያህል መቀመጥ እንዳለ አስቡ።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ ለቀዶ ሕክምናው አውለው ነበር። ብዙ ዕጢ ከቀረ የትኛውም ማሽን ሊያካክሰው አይችልም። በልምድ ባለው እጅ በደንብ ከወጣ ግን አገር ቤት ያለው ሊኒየር አክስለሬተር የተሻለ ዕድል ያገኛል። በአገር ውስጥ ልምድ ያለው ቡድን ካገኛችሁና አብዛኛውን ማውጣት እንደሚችል ካመናችሁበት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተዋጣው ገንዘብ ለፕሮቶኑ ይቀመጥ።

ዕጢው ሜኒንጂዮማ፣ የጆሮ ነርቭ ወይም ፒቱታሪ ከሆነ ቤት ለመሸጥ አትቸኩሉ። የብዙዎቹ ሕክምና አገር ውስጥ ያልቃል።

ማዳን የማይቻልበት ደረጃ ላይ የተደረሰ እንደሆነም ሕክምና አለ። ሕመም የሚያስታግስ ጨረር፣ ሞርፊን፣ መዋጥ ላቃተው የመመገቢያ ቱቦ። ይህን መምረጥ ታካሚን መተው አይደለም። ጸሎትም ጠበልም ለሚያጽናናው ሰው ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር አብሮ ይሂድ። በተለይ የአንጎል እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከተመለሱ በኋላ

ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይነሳል፤ ከ10 ዓመት በላይም ይቀጥላል። ኮርዶማ ዘግይቶ ይመለሳል። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡ።

ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ፒቱታሪን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከጨረር በኋላ ይህ የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ዘመድ «ገና አላገገመም» ይላል። ስለዚህ ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበት ሆርሞን የሆነው የኮርቲሶልና የታይሮይድ ምርመራ በየዓመቱ ይደረግ። ኮርቲሶሉ ያነሰ ሰው በየቀኑ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ለምንኖር የሚበረታ ነገር አለ። ወባ አለብን። ኮርቲሶል የሌለው ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ ብዙ ኮርቲሶል ይፈልጋል፤ ማምረት ግን አይችልም። ስለዚህ በትኩሳት ጊዜ መጠኑ ብዙውን ጊዜ በእጥፍ ይጨመራል። ካስመለሰው ክኒኑ አይያዝለትምና በመርፌ መሰጠት አለበት፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። ከሐኪሙ ጋር በትኩሳት ቀን ስንት እንደሚወስድ ተነጋገሩና በአማርኛ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። አንዱን ቅጂ ከመታወቂያው ጋር ይያዘው፣ አንዱን ደግሞ አብሮት የሚኖረው ሰው ያስቀምጥ። የወባ ምርመራ የሚያደርግለት ባለሙያ ወረቀቱን ከመርፌው በፊት ይየው።